በባልዲ ውኃ የሚሟሟ ጋኔሻ፦ የሸክላ ሙርቲ በቤት ውስጥ አሠራር

ህንድ አገር ፑኔ በምትባል ከተማ ተማሪ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «ካኩ» ነበር የሚላቸው። በአካባቢው ቋንቋ በማራቲ የአጎት ሚስት ማለት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። አንድ ቀን ከገበያ በፌስታል ግራጫ አፈር ይዘው ገቡ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጋዜጣ አነጠፉና «ና፣ እጅህን ታጠብና ቁጭ በል» አሉኝ። የሂንዱዎች አምላክ የጋኔሻ ምስል በእጅ ሲሠራ መጀመሪያ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፑኔ እስከነበርኩ ድረስ በየዓመቱ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ኩምቢው ወደቀ። ሁለተኛው ሆዱ ላይ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ጸና። እዚህ የምጽፈው ከሦስቱም የተማርኩትን ነው።

ይህ ጽሑፍ ህንድ አገር ለምትማሩ፣ ዱባይ ወይም ለንደን ከህንዶች ጋር አንድ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ ወይም ልጃችሁ «ጓደኛዬ ቤት ለበዓሉ ጋኔሻ እንሥራ ተባልኩ» ብሎ ለሚመጣባችሁ ነው። ምስሉን ህንዶቹ «ሙርቲ» ይሉታል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። «ጣዖት» የሚለው ቃል በእኛ አፍ ፍርድ አለበት፤ በጎረቤት በዓል ላይ ደግሞ ፍርድ ይዞ መግባት ደግ አይደለም።

ስለ በዓሉ ጥቂት ልበል። ጋኔሽ ቻቱርቲ የዝሆን ራስ ያለው የጋኔሻ በዓል ነው። ባድራፓዳ በሚባለው የሂንዱ ወር፣ ጨረቃ መሙላት በጀመረች በአራተኛው ቀን ይገባል። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይውላል። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 21 ቀን ነበር። በሙምባይና በፑኔ ከዚህ የሚበልጥ በዓል የለም ማለት ይቻላል። በየአደባባዩ በጋራ እንዲከበር ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥብቀው የቀሰቀሱት የነጻነት ታጋዩ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ናቸው። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ የእንግዳ አቀባበል ነው። ሙርቲው አንድ ቀን ተኩል፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ቀን ይቆያል። ከዚያ ወደ ውኃ ይሸኛል። ሽኝቱ «ቪሳርጃን» ይባላል።

እንግዲህ ሙርቲ ከመጀመሪያውም የሚሠራው ሊሟሟ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል። አፈር ስትመርጡ፣ ቀለም ስትቀቡ፣ ጌጥ ስታደርጉ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄ ውኃ ውስጥ ይፈርሳል ወይ?

ትውፊቱም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የጋኔሻ እናት፣ እንስት አምላኳ ፓርቫቲ ገላዋን ስትታጠብ በር የሚጠብቅላት ፈለገች። ሰውነቷን ከተቀባችው እርድ ልጅ አበጀች ይባላል። ባሏ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባም አለው። ተቆጥቶ አንገቱን ቆረጠው። በኋላ ግን የዝሆን ራስ ተተክሎለት ነፍስ ዘራ። የመጀመሪያውም ጋኔሻ ቤት ውስጥ፣ በእጅ፣ ከጓዳ በተገኘ ነገር ነው የተሠራው ማለት ነው።

ጀሶ ለምን አይሆንም

ገበያ ላይ ከሚሸጠው ሙርቲ ብዙው የጀሶ ነው። ጀሶ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስ በደቂቃዎች ይጠጥራል፣ አይሰነጠቅም። ሠሪዎቹ ያለ ምክንያት አልመረጡትም። ከሙምባይ ብዙም የማትርቀው ፔን የምትባል ከተማ በሙርቲ ሥራ የታወቀች ናት፤ ስለ ጀሶ ክልከላ ሲወራ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ አብሮ ይነሣል።

ውኃ ጋ ሲደርስ ግን ችግሩ ይመጣል። አንድ ሊትር ውኃ የሚያሟሟው የጠጠረ ጀሶ ከ2 እስከ 2.5 ግራም ቢሆን ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ሙርቲ ሙሉ በሙሉ እንዲሟሟ በትንሹ 2,000 ሊትር ውኃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ጊዜ ተሰጥቶት። በዚያ ላይ የሚቀባው የፋብሪካ ቀለም እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ሊኖረው ይችላል። የህንድ ማዕከላዊ የብክለት መቆጣጠሪያ ቦርድ በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ሙርቲ ሽኝት መመሪያ አወጣ። በ2020 አጠበቀው፦ ጀሶ፣ ፕላስቲክና ፎም ቀርቶ በተፈጥሮ አፈር ይሠራ አለ።

በበዓሉ ማግስት በሙትሃ ወንዝ ዳር አልፌ አውቃለሁ። ክንዱ የተገነጠለ፣ ፊቱ ግን እንዳማረ የቀረ ጋኔሻ ጭቃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ለካኩ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እንግዳ ሸኝተህ መንገድ ዳር ወድቆ ብታገኘው ምን ይሰማሃል?» አሉኝ።

አፈሩን መምረጥ

ፑኔና ሙምባይ ባሉበት በማሃራሽትራ ክልል የሚፈለገው «ሻዱ ማቲ» የሚባለው ወደ ነጭ የሚያደላ ግራጫ ሸክላ አፈር ነው። ጣት ላይ ሲታሽ እንደ ዱቄት ይልማል። እሱ ካልተገኘ ማንኛውም ንጹሕ የሸክላ አፈር ይሆናል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሸክላ ሠሪዎችን ጠይቁ። ውጭ ያላችሁ ከዕደ ጥበብ መደብር ተራውን የሸክላ ሠሪ ጭቃ ግዙ።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። «በአየር የሚደርቅ» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ጭቃ ብዙ ጊዜ ሙጫ ወይም ቀጫጭን ክር ይጨመርበታል። እንደዚያ ከሆነ በውኃ በቀላሉ አይፈርስም። ለልጆች የሚሸጠው ባለቀለም ፕላስቲክ ጭቃማ ጭራሹን አይሆንም።

ስለዚህ ከሥራው በፊት ፈትሹት። ሎሚ የሚያክል ድቡልቡል ሥሩና ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ጥሩ አፈር አረፋ እየተፋ፣ ከዳር ከዳር እየተላጠ ታች ይከመራል። እንደ ድንጋይ ቁጭ ካለ ሌላ አፈር ፈልጉ።

18 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሙርቲ 2 ኪሎ ያህል የተቦካ ጭቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ እንዳትሠሩ እመክራለሁ። ትልቅ ሙርቲ ለመድረቅም፣ ለመሟሟትም፣ ለመሸከምም ያስቸግራል። ለቤት ደግሞ ትንሽ ነው የሚያምረው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ጓዳ ውስጥ አለ፦ ወንፊት፣ ሳፋ፣ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ስቴኪኒ፣ ትንሽ ቢላ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ጣውላ፣ አሮጌ ጋዜጣ።

ማቡካት

የደረቀ አፈር ከሆነ ሰባብሩና በወንፊት ንፉት። ጠጠርና ሥር አይቅርበት። ውኃ አርከፍክፉና ተሸፍኖ ይደር። ጠዋት ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ እሹት፤ እጃችሁ እስኪዝል። ማሸቱ ውስጡ የታመቀውን አየር ያወጣል። አየር የቀረበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ልኩ ከድፎ ቡኮ ጠንከር ያለ ነው። አውራ ጣት ሲጫነው አሻራ ይያዝ፣ ግን እጅ ላይ አይቅር። እንደ እርሳስ ቀጭን አድርጋችሁ አድቦልቡሉትና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ከተሰነጠቀ ውኃ ጨምሩና እንደገና እሹት። አሁንም እምቢ ካለ አፈሩ አሸዋ በዝቶበታል። በደቃቁ የተከተፈ እፍኝ ጭድ ያጠናክረዋል። የጭቃ ቤት ምርጊት ያለ ጭድ እንደማይይዝ እናውቃለን። ኮልካታ ውስጥ ኩማርቱሊ በሚባለው ሰፈር ለእንስት አምላኳ ለዱርጋ በዓል የሚሠሩት ትልልቅ ሙርቲዎችም ጭቃቸው የሚለጠፈው በቀርከሃና በጭድ አጽም ላይ ነው።

ከቡካታው አንድ ኩባያ ያህል ቆርሳችሁ በውኃ አቅጥኑት። እንደ እንጀራ ሊጥ ይሁን። ይሄ ማጣበቂያችሁ ነው። ያለ እሱ ምንም አይያዝም።

ቅርጹን ማውጣት

ጣውላው ላይ ጋዜጣ አድርጉ። መጀመሪያ መቀመጫውን ሥሩ፦ ስፋቱ 12፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ክፍል በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ አንድ ሕግ አለ። ሁለቱንም ገጽ በሹካ ጫር ጫር አድርጉ፣ ቀጭኑን ጭቃ ቀቡ፣ አጋጥሙና ጫን በሉ፣ ከዚያ የተገጠመበትን በጣት ወዲያና ወዲህ እየጎተታችሁ አጥፉት። የእኔ የመጀመሪያ ኩምቢ የወደቀው እሱን ሳልጭር ስለለጠፍኩት ነው። እርጥብ ሳለ የተያያዘ መስሎ ነበር። ሲደርቅ ግን ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻቸው ተኮማተሩ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጣውላው ላይ ወድቆ አገኘሁት።

እግሮቹን ሁለት ወፍራም ጥቅልል አድርጋችሁ አጣጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ሰው መሬት ላይ እግሩን አጣምሮ ሲቀመጥ እንደሚሆነው። በላያቸው ትልቅ ብርቱካን የሚያክል ድቡልቡል ይቀመጣል፤ ሆዱ ነው። ሆዱ ሰፊ መሆን አለበት፣ አትሳሱ። ከሆዱ ላይ ትንሽ ጭቃ ለደረት ጨምሩ።

ክንዶቹ አራት ናቸው። ከትከሻ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። የላይኞቹ ሁለት እጆች አንዱ የዝሆን መንጃ፣ ሌላው የገመድ ቀለበት ይይዛሉ። የታችኛው ቀኝ እጅ መዳፉን ወደ እናንተ አዙሮ ይባርካል። የታችኛው ግራ እጅ ሞዳክ ይይዛል። ሞዳክ በሩዝ ሊጥ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ኮኮናትና ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ያለበት የበዓሉ ምግብ ነው። ቅርጹ የነጭ ሽንኩርት ራስ ይመስላል። ኳስ ሠርታችሁ ጫፉን ቆንጠጥ፣ ጎኑን በስቴኪኒ ሸንተር ሸንተር ማድረግ ይበቃል።

ክንዶቹ ከአካሉ አይራቁ። የላይኞቹን ከትከሻና ከራስ ጀርባ፣ የታችኞቹን ከሆድና ከጉልበት ጋር አስደግፏቸው። ወደ ውጭ የተዘረጋ ክንድ ሽቦ ይጠይቃል፤ ሽቦ ደግሞ አይሟሟም።

ለራሱ ከእንቁላል ተለቅ ያለ ድቡልቡል አድርጉና በአጭር አንገት አጋጥሙት። ኩምቢው ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሄድ ጥቅልል ነው። ከግንባሩ አስጀምሩት፤ ከአፍንጫ ቦታ የተለጠፈ ኩምቢ ቧንቧ ይመስላል። በአብዛኛው ቤት የሚቀመጠው ኩምቢው ወደ ራሱ ግራ የታጠፈው ነው። ስታዩት ወደ እናንተ ቀኝ ማለት ነው። ጫፉ ወደ ሞዳኩ ይደርሳል። ወደ ቀኙ የታጠፈው ጥብቅ ሥርዓት ይፈልጋል ስለሚባል ብዙ ቤተሰብ ይፈራዋል። ለሰው ቤት የምትሠሩ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኩምቢውን ሆዱ ላይ ማስተኛት አትርሱ፤ ድጋፍ ያገኛል።

ጆሮዎቹ ሁለት ጠፍጣፋ ቅጠሎች ናቸው። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሳሱ። ጥርሶቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ግን የተሰበረ ነው። ከስሞቹ አንዱ «ኤካዳንታ»፣ ባለ አንድ ጥርሱ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን አሳጥሩት። ዘውዱ ትንሽ ሾጣጣ ቆብ ይሁን፤ ጌጡን በስቴኪኒ ነጠብጣብ አውጡ።

በደቡብ፣ በታሚል ናዱ፣ በሸክላው ሙርቲ ዓይን ላይ ኩንዱማኒ የሚባል ቀይና ጥቁር ፍሬ ይሰኩበታል። ያምራል። ግን ፍሬው ከባድ መርዝ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ፈጽሞ አታስገቡት። ሁለት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አይጧ ትቀራለች። ጋኔሻ የሚጓዘው በአይጥ ነው። ይህን ሥራ ለልጆቹ ተዉላቸው። ምንም ብትመስል ትሁን፣ አታርሙባቸው።

ማድረቅ

በጣም የሚያስቸግረው ይሄ ነው። በዓሉ የሚገባው በዝናብ ወቅት ስለሆነ ጭቃው ቶሎ አይደርቅም። ሰው ይቸኩልና ፀሐይ ላይ ያወጣዋል ወይም ማራገቢያ ይለቅበታል። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። የእኔ ሁለተኛው የተሰነጠቀው እንዲያ ነው። ሰገነት ላይ ግማሽ ቀን ፀሐይ አስመታሁት። ስመለስ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ጸጉር የምታክል መስመር ነበረች። ካኩ አውራ ጣታቸውን ቀጭኑ ጭቃ ውስጥ ነከሩና መስመሯን ከታች ወደ ላይ ደጋግመው ሞሉ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑት፣ ጓዳ አስቀመጡት። በማግስቱ መስመሯ ተመልሳ መጣች። ያኔ የገባኝ ስንጥቅን ገና ሳይመጣ መከላከል እንጂ በኋላ መጠገን ብዙም እንደማይሠራ ነው።

ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በስሱ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ጆሮና ኩምቢ ቶሎ ስለሚደርቁ ጨርቁ እነሱ ላይ ይደረብ። በሦስተኛው ቀን ጠንከር ሲል ቀስ ብላችሁ አዘንብሉትና ከመቀመጫው ሥር በማንኪያ ቆፍሩ። ዙሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይቅር። ውስጡም እኩል ይደርቃል፣ በኋላም ቶሎ ይሟሟል። ከዚያ ጨርቁን አንሡና ነፋስ በማይመታው ጥላ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ተዉት።

ደረቀ አልደረቀም በዓይን ብቻ አይለይም። ጉንጫችሁን አስጠጉት። ከቀዘቀዘ ውስጡ ውኃ አለ። መተኮስ የለም፣ ምድጃ ውስጥ መክተት የለም። የተተኮሰ ሸክላ ጀበና ነው፤ ውኃ አያፈርሰውም።

ቀለም

ሳይቀባም ያምራል፤ እኔ የአፈሩን ቀለም እመርጣለሁ። መቀባት ከፈለጋችሁ ግን ጓዳችሁ ይበቃል። ለቢጫ እርድ፣ ለነጭ የሩዝ ዱቄት፣ ለቡናማ ቀይ የተነፋ ቀይ አፈር፣ ለጥቁር የተፈጨ ከሰል። እንዲይዝ ውኃ ውስጥ የሟሟ ጥቂት የግራር ሙጫ ጠብ አድርጉበት፤ ውኃ ሲያገኝ ተመልሶ ይለቃል።

ደማቁን ቀይ ካኩ ያወጡበት መንገድ እስካሁን አይረሳኝም። በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ እርድ በጠበሉ። ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ ቁንጥር የማትሞላ ኖራ ነኩበት። ቢጫው ዓይናችን እያየ እንደ ደም ቀላ። ግንባር ላይ የሚቀባው «ኩምኩም» በባህላዊው መንገድ የሚሠራው በዚሁ ነው። ኖራ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ልጆች አይንኩት። የእርድ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ቀቡ። ዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ብልጭልጭ ዱቄትና የፕላስቲክ ጨሌ አይግቡ። ብልጭልጩ ፕላስቲክ ነው።

ዘር መክተት

ብዙ ሰው ዘሩን ከጭቃው ጋር ያቦካዋል። አይሆንም። እርጥበቱ ያበቅለዋል ወይም ያበሰብሰዋል፤ ሲያብጥም ቅርጹን ይሰነጥቃል። ሙርቲው ከደረቀ በኋላ ዘሩን በስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከሥር በቆፈራችሁት ጉድጓድ ክተቱ። የቲማቲም ወይም የባሚያ ዘር ጥሩ ነው። የእኛን በሶብላ የሚመስለው ቱልሲ በሂንዱዎች ዘንድ የተከበረ ተክል ቢሆንም ለጋኔሻ በልማድ አይቀርብም። ሳትጠይቁ አታድርጉት።

ሥራችሁ እዚህ ላይ ያበቃል። ቤተሰቡ በበዓሉ ጠዋት «ፕራና ፕራቲሽታ» የሚባል ሥርዓት ያደርጋል። እንደ እምነታቸው ነፍስ የሚገባበት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ በእጃችሁ ያለው ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የእነሱ ነው፤ ሳይነግሯችሁ አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት።

ሽኝቱ

ባልዲው ከሙርቲው ቁመት ጥልቅ ይሁን። ቤተሰቡ የመጨረሻውን ጸሎት ሲጨርስ አበባውን፣ ዱርቫ የሚባለውን ሣር፣ ጨርቁንና ጌጡን ሁሉ አውልቁ። አበባና ሣሩ ወደ ኮምፖስት፣ ጌጡ ለሚመጣው ዓመት። የዘሩንም ጥቅልል አውጡትና ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሙርቲው ሲገባ ሙሉ በሙሉ ደረቅ መሆን አለበት። ይህ ለብዙ ሰው አይገባውም። እርጥበት የቀረበት ጭቃ ውኃ ውስጥ ለቀናት ሳይፈርስ ሊቀመጥ ይችላል። አጥንቱ ድረስ የደረቀው ግን ውኃውን ይስባል፣ አየሩ ይወጣል፣ አካሉ ይለቃል። ቀስ ብላችሁ በሁለት እጅ አውርዱት። «ጋንፓቲ ባፓ ሞርያ፣ ፑድቺያ ቫርሺ ላውካር ያ» ይላሉ፤ አባታችን ጋንፓቲ፣ በሚመጣው ዓመት ቶሎ ናልን ማለት ነው። ጋንፓቲ የጋኔሻ ሌላው ስሙ ነው። ዝም ብላችሁ ብታዳምጡ ትንሽ የሚንሾካሾክ ድምፅ አለ። አረፋው ነው። መጀመሪያ ጆሮዎቹ ይሄዳሉ፣ ከዚያ የኩምቢው ጫፍ። አታማስሉት። የእኛ ማምሻውን ገብቶ ጠዋት ጭቃ ሆኖ ነበር ያገኘነው።

ቤት ውስጥ አስቀድሞ የተገዛ የጀሶ ሙርቲ ካለ ወንዝ አትውሰዱት። ፑኔ ውስጥ የአገሪቱ ብሔራዊ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያስተማረው ዘዴ አለ። ከሙርቲው ክብደት ጋር እኩል የሆነ አሞኒየም ባይካርቦኔት በባልዲ ውኃ ይበጠበጥና ሙርቲው ይገባበታል። በሁለት ቀን ገደማ ወደ ኖራማ ዝቃጭና ለማዳበሪያ ወደሚሆን ውኃ ይለወጣል። ሽታው ከባድ ስለሆነ በረንዳ ላይ አድርጉት፣ በየጊዜው አማስሉት። ቀለሙ የፋብሪካ ከሆነ ግን ውኃውን ለሚበላ አትክልት አታጠጡ።

ወደ ሸክላው ልመለስ። ባልዲው ሁለት ቀን ሳይነካ ይቀመጥ። ከላይ የጠራውን ውኃ አበባ አጠጡበት። ከታች የተኛውን ጭቃ ግማሹን ከአትክልት አፈር ጋር ቀላቅሉና ዘሩን እሱ ላይ ዝሩ። ሌላውን ግማሽ ወንዝ ውስጥ አትድፉት፤ የተፈጥሮ አፈርም ቢሆን ሲበዛ የወንዙን ወለል ይደፍናል። ፑኔ ውስጥ ያገለገለ ሻዱ ማቲ እየሰበሰቡ ለሙርቲ ሠሪዎች የሚመልሱ አሉ። እናንተም አሮጌ ጨርቅ ላይ አፍስሱት፣ ውኃው ይንጠፍጠፍ፣ ቡኮ ሲሆን በፌስታል ጠቅልሉና ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ። በየሁለት ወሩ ውኃ አርከፍክፉበት። ካኩ የእሳቸውን የሚያስቀምጡት ከመታጠቢያው ሥር ነበር፤ አዲስ አፈር የሚገዙት የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።